በጎንደር የምስለ በረራ ክፍል የሚሰጠው የተራራ ማስጠንቀቂያ ትምህርት

ፒያሳ አካባቢ አንድ ሕንፃ ላይ የተከፈተውን የምስለ በረራ (ሲሙሌተር) ክፍል ብዙ ወጣቶች የሚጎበኙት የፋሲል ግንብን ከአየር ላይ ለማየት ነው። ለዚያ ይበቃል፤ ልጆች ደስ ብሏቸው ይወጣሉ። እኔ የምጽፈው ግን በዚያው ክፍል ስለሚሰጥ አንድ ትምህርት ነው፤ አውሮፕላኑ ወደ ተራራ ሲጠጋ የሚጮኸውን ማስጠንቀቂያ ሰምቶ ስለ ማምለጥ። ለረጅም ዓመታት ፊዚክስ ያስተማርሁ ሰው ነኝ። የእህቴ ልጅ ለፓይለት ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና እየተዘጋጀች ስለሆነ ይዣት ሄድሁ።

አሠልጣኙ ጡረታ የወጡ የበረራ መምህር ናቸው። ከሁሉ በፊት የማመሰግናቸው ማስጠንቀቂያው መቼ እንደሚመጣ ባለመናገራቸው ነው። ልጅቱን በደመና ውስጥ ወደ አዘዞ እያስወረዱ በሥራ ይወጥሯታል፦ በሬዲዮ ታወራለች፣ ፍጥነት ትቀንሳለች፣ ካርታ ታነብባለች። በዚህ መሐል «ቴሬይን፣ ቴሬይን» (መሬት፣ መሬት) የሚል ድምፅ ይወጣል፤ ወዲያው «ፑል አፕ» (ወደ ላይ ሳብ) ይከተላል። እርሷ ተራራው የት እንዳለ ካርታው ላይ መፈለግ ጀመረች። «ልጄ፣ መጀመሪያ ሽቅብ! ካርታው በኋላ ይደርሳል» አሏት።

ከዚያ ደጋግመው አሠሯት። አውቶፓይለቱን ማጥፋት፣ ሞተሩን እስከ መጨረሻው መግፋት፣ ያዘነበሉትን ክንፎች ማቃናት፣ አፍንጫውን ወደ ላይ ማንሣት፤ በቦይንግ አውሮፕላኖች መነሻው 20 ዲግሪ ነው። አደጋው እስኪያልፍ ድረስ ጎማም ፍላፕም (ከክንፉ ኋላ የሚዘረጋው ሳንቃ) አይነካም። ከጎን የተቀመጠው ደግሞ ከመሬት ያለውን ከፍታ ከመለኪያው እያየ ጮክ ብሎ ይናገራል፤ ያ ሥራ የእኔ ነበር።

ጠረጴዛው ላይ 38 ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት አለ። ለምን 38 እንደሆነ ስጠይቃቸው የሳላክን ተራራ ታሪክ ነገሩኝ። በግንቦት ወር 2012 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ለማሳያ በረራ የተነሣ ሱኮይ ሱፐርጄት የተባለ የሩሲያ አውሮፕላን ከተራራው ጋር ከመጋጨቱ 38 ሰከንድ በፊት ማስጠንቀቂያው ጮኾ ነበር። ካፒቴኑ የመሣሪያው መረጃ የተሳሳተ መስሎት ድምፁን አጠፋው፤ 45 ሰው አለቀ። መርማሪዎች በሲሙሌተር ሲሞክሩት፣ ከመጀመሪያው ጩኸት በኋላ በ24 ሰከንድ ውስጥ ምላሽ ቢሰጥ ኖሮ መዳን ይቻል ነበር። አሠልጣኙ ሰዓቱን አስጀምረው 24 ላይ ሲደርስ ጠረጴዛውን በእጃቸው ይመታሉ። ልጅቱ ከዚያ በኋላ ካርታ አልፈለገችም።

መሣሪያው እንዲህ ያለ ጊዜ የሚሰጠው ዘመናዊ ስለሆነ ነው። በዶናልድ ቤትማን የተፈለሰፈው የቀድሞው መሣሪያ የሚያየው ከአውሮፕላኑ ሥር ያለውን መሬት ብቻ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1979 አንታርክቲካ ውስጥ ኤሬቡስ ተራራ ላይ 257 ሰዎች ሲያልቁ የጮኸው ስድስት ሰከንድ ያህል ሲቀር ነው። አዲሱ የምድሩን ቅርፅ በማኅደሩ ይዞ ወደ ፊት ያያል። ይህን ያህል ሰከንድ የተገኘው በስንት ሕይወት ዋጋ እንደሆነ ተማሪው ማወቅ አለበት፤ እዚህ ክፍል ይነገረዋል።

እንደ ፊዚክስ መምህር በጣም የወደድሁት ግን ሌላ ነው። አንዱን ልምምድ መጀመሪያ በባሕር ጠለል አጠገብ ባለው የጅቡቲ ሜዳ፣ ቀጥሎ በአዘዞ ያሠራሉ። የአዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ የሚሰጠው ኃይል ያንሳል፤ መለኪያው ላይ አንድ ዓይነት ፍጥነት ቢነበብም እውነተኛው ፍጥነት በ10 በመቶ ገደማ ይበልጣል። ስለዚህ ተራራው ቶሎ ይደርሳል፣ መውጣቱም ይዘገያል። ይህን በጥቁር ሰሌዳ ስንት ጊዜ አስረድቻለሁ! ልጅቱ ግን በእጇ ያወቀችው ያን ዕለት ነው።

ጉድለቱም ቀላል አይደለም። የሞተር ማንሻው ርካሽ ዕቃ ስለሆነ የስፒድ ብሬክ ማንሻ የለውም፤ ስፒድ ብሬክ ክንፉ ላይ ተነሥቶ አውሮፕላኑን የሚያዘገይ ሳንቃ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1995 ኮሎምቢያ ካሊ ከተማ አቅራቢያ የወደቀው ቦይንግ 757 አብራሪዎች ማስጠንቀቂያውን ሲሰሙ ሙሉ ኃይል ሰጥተው አፍንጫውን አንሥተዋል፤ ሲወርዱ የዘረጉትን ስፒድ ብሬክ ግን አልመለሱትም፤ 159 ሰዎች ሞቱ። ማምለጥን የሚያስተምር ክፍል ይህን ማንሻ ሳይዝ ትምህርቱ ጎዶሎ ነው። ለአሠልጣኙም ነግሬያቸዋለሁ፤ «እውነት ነው መምህር፣ እናስገባለን» ብለዋል። እስኪገባ ድረስ ቢያንስ በቃል ያስጠሩት። ወንበሩ አይንቀሳቀስም፣ መሪውም ሲስቡት ክብደት የለውም። እንደ እውነተኛው የሚንቀሳቀሱት ሲሙሌተሮች አዲስ አበባ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ማሠልጠኛ ስላሉ፣ ይህን ከእነርሱ ጋር ማወዳደር ተገቢ አይደለም። ሥር ያለው ቤት ከሰዓት በኋላ ሙዚቃ ሲከፍት ግን ማስጠንቀቂያው ራሱ አይሰማም፤ ይህ መስተካከል አለበት።

ክፍያው በሰዓት 600 ብር ነው፤ ለተማሪ ይከብዳል። የምትሄዱ ከሆነ ጠዋት ሂዱ፣ የተራራውን ትምህርት በስም ጠይቁ፣ ከፍታ የሚጠራላችሁ ሰውም ይዛችሁ ሂዱ፤ ለሁለተኛው ወንበር ተጨማሪ አያስከፍሉም።