ለባጃጅ ሾፌራችን፦ አቦ ተባረክ!

ኮንትራት ባጃጅ የምትፈልጉ የድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ወላጆች፣ ይህን አንብቡልኝ። ምስጋናም ጥቆማም ነው።

ሁለተኛው ልጄ አራተኛ ክፍል ነው። ሲያወራ ይንተባተባል፣ ሲቸኩል ደግሞ ይብስበታል። ዘንድሮ ትምህርት ከተከፈተ ወዲህ ጠዋት ጠዋት "ሆዴን አመመኝ" ማለት ጀመረ። እሁድ ማታም እንዲሁ። ቅዳሜ ግን ሆዱ ደህና ነው! ክሊኒክ ወስጄ አስመረመርኩት፣ ምንም የለም። "ትምህርት ጠልተህ ነው" ብዬ ተቆጣሁት።

ነገሩን የነገረኝ ሾፌራችን ነው። አንድ ማታ ደወለ። "እህቴ፣ ልጁን እንዳትቆጪው። 'ሬዲዮ' እያሉ ነው የሚጠሩት። ጣቢያ የማይይዝ ሬዲዮ ለማለት ነው።" ዝም ስለው ቀጠለ። "ታላቁም እኮ ጠዋት በር ላይ 'ቻው ሬዲዮ' ነው የሚለው።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ታላቁ ቤት ውስጥ ሲለው እኔም ስቄያለሁ። ጨዋታ መስሎኝ!

ባጃጁ ውስጥ የሆነውን የሰማሁት ከጎረቤት ልጅ ነው። ከዚራ ሲደርሱ ልጄ "ዛሬ ፈ... ፈ..." ሲል ሌሎቹ ተቀብለው "ፈ ፈ ፈ" አሉ። ሾፌሩ ዛፍ ጥላ ስር ዳር ያዘና ሞተሩን አጠፋ። አልጮኸም። "እሱ ተናግሮ እስኪጨርስ እዚሁ ነን" አለ። ልጆቹ ሰልፍ እንዳያመልጣቸው ፈርተው ጸጥ። ልጄ ጊዜውን ወስዶ "ፈተና አለን" ብሎ ጨረሰ። ሞተሩ ተነሳ። ከዚያ ወዲህ እዚያ ባጃጅ ውስጥ ሰው የሚጠራው በስሙ ብቻ ነው።

እኔ ስንት ዓመት "ቀስ በል፣ ተንፍስ" እያልኩ፣ ቃሉን ከአፉ እየነጠቅኩ ስጨርስለት ኖሬያለሁ። ለካ የሚበጀው ዐይኑን እያዩ መጠበቅ ነው።

ትምህርት ቤቱ መጀመሪያ ልጄንና ዋናውን አሿፊ ፊት ለፊት አቁሞ "ታረቁ" አላቸው። ተጨባበጡ። በእረፍት ሰዓት ባሰበት። ተጣልተው ቢሆን እርቅ ይሰራል። ይሄ ግን ጠብ አይደለም፣ ብዙ ሆነው አንዱን፣ ያውም በየቀኑ ነው። ሁለተኛ ስሄድ የሆነውን በየቀኑ በደብተር ይዤ ነበር። ያኔ ዩኒት ሊደሩ ልጆቹን ለየብቻ አነጋገራቸው። እረፍት ላይ ሽንት ቤት አካባቢ የሚቆም መምህርም ተመደበ። ለካ ልጄ ፈርቶ እስከ ቤት ሽንቱን ይዞ ነበር የሚመጣው።

የቤቱ ይከብዳል። ታላቁ "ቀልድ ነው" ብሎ ድርቅ አለ። ልመታው እጄን አንስቼ ተውኩት። ትልቅ ትንሹን ይምታ ብዬ ላስተምረው ነው እንዴ? እኔም ስቄ እንደነበር ነግሬ ታናሹን ይቅርታ ጠየቅኩት፣ ታላቁ እየሰማ። አሁን ታላቁ "ሬ..." ሲል ራሱ አፉን ይይዛል።

ሾፌሩ እንከን የለውም አልልም። የቤንዚን ሰልፍ ካለ ያረፍዳል፣ ግን ቀድሞ ይደውላል። ሙዚቃውም አናት ይበጣል። ልጆቹን ግን ግቢ ገብተው ሳያይ አይሄድም።

ከሳቢያን ወደ ከዚራ ለአንድ ልጅ ቦታ አለው። ስልኩን አስፈቅጄዋለሁ፣ በውስጥ መስመር እልክላችኋለሁ። ጠዋት 1፡15 ይነሳል። ልጃችሁን አዘጋጅታችሁ ጠብቁ፣ ደጃፍ ላይ መቆም አይወድም።