ላምባ ሲፈስ፦ አሸዋ ወይስ ውሃና ኦሞ?

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ያለው ዕቃ ቤታችን ውስጥ የላምባ ጀሪካን ተገልብጦ ሊሾውን አለበሰው። እኔ ወደ ባልዲው ሮጥኩ። እናቴ «ተው! መጀመሪያ አሸዋ!» አለች። ልክ ነበረች። ላምባ ከውሃ ስለሚቀል ይንሳፈፋል፤ ውሃ ከደፉበት ያልነካውን ጥግ ሁሉ ያዳርሳል። የደቻቱ ወንዝ ደረቅ አሸዋ ግን ይመጥጠዋል። ሰጋቱራም ይሠራል፣ ችግሩ እሱ ራሱ ይቀጣጠላል። ላምባ የጠጣውን አሸዋ ቦይ ውስጥ መድፋት የለም።

ኦሞ ተራው አሸዋው ተጠርጎ ከወጣ በኋላ ነው። የቀረውን ቅባት በብሩሽ ያስለቅቃል።

ሽታውን ሁለቱም አይችሉትም። በርና መስኮት ከፍቶ መታገስ ነው። ጎረቤታችን «ዕጣን ላጭስላችሁ» ብላ የጋለ ፍም ይዛ መጣች። ከደጅ መለስናት!