«እሱ ገና እየጮኸ ነው»፦ የአይሱዙ ቸርኬ ምድጃዬ ከአራት ወር በኋላ

ቀያሽ ነኝ። ሳልለካ እንደማላምን የሚያውቁ ጓደኞቼ ስለ አንድ ማንደጃ ይህን ያህል መጻፌ አይገርማቸውም። አምስት ዓመት ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ኖሬ አምና እዚህ ሀዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ሰርቪስ ቤት ተከራየሁ። ከክፍሏ ይልቅ ልቤን የወሰደው ጓሮው ነው፤ አንድ አቮካዶ ዛፍ፣ ጥግ ላይ አራት እንሰት፣ መሃሉ ባዶ። ባዶው ስድስት ሜትር በአምስት ሜትር ይሆናል። ለአንድ ዓመት ያህል ልብስ ከማስጣት በቀር ምንም አልሠራሁበትም። መብራት በጠፋ ማታ ሁሉ ዳቦ በሙዝ እየበላሁ ባዶውን በመስኮት አየው ነበር።

መስከረም ላይ፣ ደመራው በተቃጠለ በሳምንቱ፣ መናኸሪያ አካባቢ ካሉት ብየዳ ቤቶች አንዱ ዘንድ ሄድኩና የቸርኬ ምድጃ አሠራሁ። ያረጀ ባለ 16 ኢንች የአይሱዙ ቸርኬ (ጎማው የሚገጠምበት ክብ ብረት)፣ ከሥሩ ከባለ 14 ሚሊ ሜትር ፌሮ የተቆረጡ ሦስት እግሮች፣ ከላዩ የሚነሳ መጥበሻ ሽቦ። ቸርኬው 900 ብር፣ ፌሮና የእጅ 1,400፣ ሽቦው 350። በድምሩ 2,650 ብር ከፈልኩ። መጀመሪያ የተጠራልኝ 3,500 ነበር።

ጥሩውን ላስቀድም። የቸርኬ ጥቅሙ ቀዳዳው ነው። የቦሎኖቹ ቀዳዳዎችና መሃል ያለው ትልቁ ክብ ከሥር አየር ስለሚያስገቡ ጎንበስ ብዬ እፍ ስል ዓይኔ አይጠፋም፤ ጭራሮው ከተያያዘ ቀሪውን ራሱ ይጨርሰዋል። ብረቱ ወፍራም ነው፤ እንደ ቀጭን ላሜራ ማንደጃ በአንድ ክረምት አይበሳም፣ አንዴ ከጋለም ቶሎ አይበርድም። ቤት ውስጥ ላቀች የምትባለው የከሰል ምድጃ አለችኝ፤ ውስጧ ሸክላ ስለሆነ በከሰል ቁጠባ ቸርኬው አጠገቧም አይደርስ። ግን አንድ ድስት ብቻ ነው የምትችለው፣ ፍልጥም አትቀበልም። ቸርኬው ላይ ግን ፍሙን ወደ አንድ ጎን ገፍቼ በሌላው ጎን ፍልጥ እያነደድኩ ዓሣና ሻይ ባንዴ አደርሳለሁ።

ክፉው ደግሞ ሦስት ነው፣ ሦስቱም የቸርኬው ጥፋት አይደሉም። በያጁ የሰጠኝ ሽቦ ያ ነጩ፣ ዚንክ የተቀባው ነበር። ዚንክ ከመጠን በላይ ሲግል ጭሱ ያማል፤ በያጆችም ያውቁታል፣ ጋልቫናይዝድ ብረት ሲበይዱ ውለው ማታ ትኩሳት የሚይዛቸው በዚያ ነው። መልሼ ወስጄ ስነግረው «ወተት ጠጣበት» ብሎኝ ሳቀ። አልሳቅኩም። 600 ብር ጨምሬ ከባለ 8 ፌሮ፣ በዘንጎቹ መሃል አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል እየተተወ፣ አዲስ መጥበሻ አሠራሁ። ሁለተኛው ጥፋት የእግሮቹ ቁመት ነው፦ 15 ሴንቲ ሜትር። ወገቤ ይቅርና ሥሩ ያለው ሣርም ተቃጠለ። ቢያንስ 35 በሉት። ሦስተኛው፣ በሦስተኛው ሳምንት የአንዱ እግር ብየዳ ተላቀቀና ማንቆርቆሪያው ተገለበጠ። ሰው አልተጎዳም። በነፃ በየደልኝ፣ ግን ለአምስት ደቂቃ ሥራ ሁለት ቀን አመላለሰኝ።

መሃል ያለው ቀዳዳ ፍም ያፈሳል። ብስ ብስ የተደረገ ትንሽ ላሜራ ከሥር እንዲለጠፍበት ቀድሜ መናገር ነበረብኝ፤ ለጊዜው ጠፍጣፋ ድንጋይ አስቀምጬበታለሁ፣ ደረቅ ድንጋይ። ከሐይቅ ዳር እንዳታመጡ፤ ውሃ የጠጣ ድንጋይ እሳት ውስጥ ሊፈነዳ ይችላል። የቸርኬው አሮጌ ቀለም እስኪነድ ድረስም የመጀመሪያውን እሳት ምግብ ሳትጥዱ አንድ ሰዓት አንድዱት። ሽታውን ጎረቤት ሁሉ ይሰማዋል፣ ይቅርታ ጠይቁ።

ወደ ምግቡ ልግባ። ወጥ ሠርቼ የማላውቅ ሰው ነኝ። እናቴ ዲላ ናት፤ በስልክ «ሽንኩርቱን አቁላላው» ስትለኝ እስከ መቼ እንደሆነ እጠይቃታለሁ፣ «እስኪበቃው» ትለኛለች። ጓሮ ውስጥ ያስተማሩኝ ግን አከራዬ ናቸው። የሲዳማ እናት ናቸው፣ እማማ ነው የምላቸው። የመጀመሪያውን ቀን በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ዝም ብለው አዩኝ። አራት የበቆሎ እሸት ልጬ ነበልባሉ ላይ ጣልኩ። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ውጭው ከሰል ሆነ፤ ስነክሰው ውስጡ ወተቱ ይፈስሳል። በላምባ ነበር ያቀጣጠልኩት፣ እሱም ይሸታል።

«አንተ ልጅ፣ ምን ያስቸኩልሃል?» አሉኝ። «እሱ ገና እየጮኸ ነው። ዝም ሲል ጣልበት።»

እሳት ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ሲነግሩኝ ሰማሁት፤ ይንጣጣል፣ ያፏጫል። ዝም የሚለው ፍልጡ ሁሉ ፍም ሆኖ ነጭ አመድ ሲለብስ ነው። በስልኬ ሰዓት ያዝኩለት፦ ደረቅ ባህር ዛፍ 25 ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል፣ ግን ፍሙ ቶሎ ያልቃል። ግራር እስከ 40 ደቂቃ ያስጠብቃል፣ ከዚያ በኋላ ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ያገለግላል። አሁን ሁለቱን አደባልቃለሁ፤ ለማቀጣጠል ጭራሮና የደረቀ ቆረቆንዳ፣ ከዚያ ባህር ዛፍ፣ ላዩ ላይ ግራር። ላምባ ቀርቷል። የሙቀት መለኪያዬ መዳፌ ነው፦ ከመጥበሻው አንድ ስንዝር ከፍ አድርጌ እዘረጋዋለሁ። አራት ሳልቆጥር ካቃጠለኝ ለሥጋ ነው፤ ሰባት ወይም ስምንት ድረስ ከቻልኩ ለዓሣና ለበቆሎ።

በቆሎው በሁለተኛው ቀን ተሳካ። የውጭውን ልባስ ብቻ ልጦ ሁለት ሦስት የውስጥ ልባስ መተው፣ ፍሙ ላይ እያገላበጡ 15 ደቂቃ ያህል መጠበስ፣ መጨረሻ ላይ ልጦ ለመልክ ሁለት ደቂቃ። እሸቱ በወቅቱ ርካሽ ስለነበር ሁለት ሳምንት እሱን ብቻ በላሁ።

ከሁሉም ሰነፍ የሚወደው ግን ስኳር ድንች ነው። ከወላይታ የሚመጣውን፣ ረዘም ቀጠን ያለውን እመርጣለሁ፤ ወፍራሙ መሃሉ ሳይበስል ጎኑ ያራል። ሳይታጠብና ሳይላጥ፣ አፈሩን አራግፌ ረመጥ ውስጥ እቀብረዋለሁ። ከ40 እስከ 45 ደቂቃ፣ መሃል ላይ አንድ ጊዜ ማገላበጥ፣ አለቀ። እስከዚያ ልብስ ማጠብ ይቻላል። እንጨት ወግቼበት ያለ ትግል ሲገባ አወጣዋለሁ። ተራው ድንችም እንዲሁ ነው፤ ሲከፈት ጨው፣ ዘይትና ሚጥሚጣ። ይህን የሚያበላሽ ሰው ካለ እኔ ነኝ፣ እኔም አላበላሸሁትም።

አሁን ዓሣው። ሀዋሳ ኖሮ ዓሣ ሆቴል ብቻ የሚበላ ሰው ብዙ ነው፤ እኔም ከእነሱ አንዱ ነበርኩ። ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል እሄዳለሁ፤ ጀልባዎቹ ሲመለሱ፣ አሞራዎቹ ለሆድ ዕቃው ተሰልፈው እንደ ዘበኛ ሲንጎራደዱ። ለጀማሪ የምመክረው ቆሮሶ ነው። አምባዛ ጣፋጭ ነው፣ ግን ስቡ ፍም ላይ ሲንጠባጠብ ነበልባል ይነሳና ያጠቁረዋል። ቆሮሶው ከስንዝር ትንሽ የሚረዝም ይሁን፤ የእኔ 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ቅርፊቱን አስነሱ፣ ሆዱን አስጠርጉ፣ ፊሌቶ ግን አታስወጡ። ፊሌቶ መጥበሻ ላይ ይበታተንና በዘንጎቹ መሃል ይወርዳል። ሙሉውን ዓሣ ቆዳውና እሾሁ ይይዙታል።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓሣዎች ግማሽ የጎረቤት ድመት በላቻቸው። ምክንያቱ መጣበቅ ነው፦ ቀዝቃዛ መጥበሻ ላይ እርጥብ ዓሣ ጣልኩ፣ ከዚያ በየደቂቃው ልገለብጥ ታገልኩ፤ ቆዳው ፌሮው ላይ ቀረ። አሁን እንዲህ ነው የማደርገው። ዓሣውን በጨርቅ አደርቃለሁ፤ በሁለቱም ጎን ሦስት ሦስት ቦታ እተለትለዋለሁ፤ ጨው፣ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ስንጥቁ ውስጥ አስገባለሁ፤ ዘይት እቀባዋለሁ። መጥበሻው ባዶውን አምስት ደቂቃ ይግላል፤ በሹካ የተወጋ ግማሽ ሽንኩርት ዘይት ነክሬ ዘንጎቹን እወለውላለሁ። ከዚያ ዓሣውን አስቀምጬ እጄን ኪሴ ውስጥ እከታለሁ። ሰባት ደቂቃ አይነካም። ሲደርስ ራሱ ይለቅቃል፤ ካልለቀቀ ገና ነው። በሁለተኛው ጎን አምስት ወይም ስድስት ደቂቃ። ትልቁ እሾህ ጋ ከፈት አድርጌ ሥጋው ነጭ ሆኖ ከእሾሁ ከተላቀቀ አወጣዋለሁ። ሎሚ የሚጨመቀው ሳህን ላይ ነው።

እማማ ይህን ሁሉ ድካም አይተው አንድ ቅዳሜ ተነሡና ከእንሰቱ ኮባ ቆርጠው መጡ። ነበልባሉ ላይ ለብ ለብ አደረጉት፤ ጠንካራው ቅጠል እንደ ጨርቅ ለሰለሰ። ዓሣውን ጠቅልለው በቅጠሉ ጅማት አሰሩና ከፍሙ ራቅ አድርገው ጠርዝ ላይ አስቀመጡት። 20 ደቂቃ። ኮባው ውጭው ጠቁሮ ሲከፈት ዓሣው በራሱ ጭማቂ በስሏል፤ መጣበቅ የለ፣ ማገላበጥ አንዴ ብቻ። «ይኸው» አሉኝ፣ ከዚያ ቤታቸው ገብተው ቆጮና ዳጣ ይዘው ወጡ። የእኔ ባለ 600 ብር መጥበሻ ለምን እንደተሠራ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠራጠርኩ። ጀማሪ ከሆናችሁና ኮባ የምታገኙ ከሆነ በዚህ ጀምሩ። (የነቢያት ጾም ነበር። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ከእናቴ ጋር ስልክ ላይ ጀምረን ጨርሰነው አናውቅም።)

ለጥብስ ወፍራም ብረት ድስት ያስፈልጋል፤ እዚህ ላይ ነበልባሉ ሳይጠፋ መጣድ ይቻላል። ግማሽ ኪሎ የበሬ ሥጋ ገዝቼ ባንዴ ገለበጥኩትና ውሃውን ለቀቀ፤ ጥብስ ብዬ ቅቅል በላሁ። በሦስት ዙር፣ ድስቱ እየጨሰ፣ እፍኝ እፍኝ ሲገባ ነው የሚጠበሰው። ሽንኩርት፣ ቃሪያና የጥብስ ቅጠል መጨረሻ ላይ፣ ቅቤውም ድስቱ ከወረደ በኋላ። እጀታው እንደሚግል አትርሱ፤ እኔ ረስቼ ነበር፣ የቀኝ አውራ ጣቴ አልረሳውም።

ሽሮ በሸክላ ድስት? አዲስ ድስት ሳላሟሽ ቀጥታ ነበልባል ላይ ጣድኩት፣ ለሁለት ተሰነጠቀ፣ እሳቱም ጠፋ። ቂጣም አይሆንም፤ ምጣዱ ከቸርኬው ስለሚሰፋ መሃሉ ያራል ዳር ዳሩ ሊጥ ይሆናል። ቡና ግን ይሆናል፣ ጀበናው ጠርዝ ላይ ተደግፎ ይቆማል።

ነፋስ ሌላ ጉዳይ ነው። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ በኩል ሲነሳ ጭሱ በቀጥታ የጎረቤት ልብስ ላይ ይሄዳል፣ ብልጭታም ይበትናል። ስለዚህ ወይ ጠዋት፣ ወይ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ነው የማነደው። ከአቮካዶው ሥር ሦስት ሜትር አርቄዋለሁ። አንድ ባልዲ ውሃ ሁልጊዜ አጠገቤ አለ፤ ስጨርስ ግን ውሃውን የጋለው ቸርኬ ላይ አልደፋም፣ ፍሙን በአፈር ነው የምቀብረው።

ከ10 ስንት ትሰጠዋለህ ላላችሁኝ፦ ለቸርኬው 9፣ ለብየዳው 4። መጥበሻው ከተቀየረ ወዲህ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ አነዳለሁ። እንደ እኔ ብቻውን ለሚኖርና ቢበዛ ሁለት እንግዳ ለሚጠራ ሰው 16 ኢንች ይበቃል። ቤተሰብ ካለ ከዚያ የሚሰፋ ነው የሚያስፈልገው።

ይህን የምለው እማማም ለራሳቸው ሊያሠሩ ስለሆነ ነው። የትልቅ ጭነት መኪና ቸርኬ ይፈልጋሉ፣ እግሩ እስከ ጉልበታቸው የሚደርስ፣ መጥበሻ የሌለው። ያው በያጅ 4,200 ጠርቷል። ቅዳሜ ከዓሣ በፊት አብረን ልንሄድ ነው፤ እሳቸው ዋጋውን ይከራከራሉ፣ እኔ እያንዳንዱን እግር በጫማዬ እየረገጥኩ ብየዳውን አያለሁ።