ለወንድሜ ሞተር ያመጣሁት የንፋስ መከላከያ ለምን ተሰነጠቀ

ሰላም ለሁላችሁ። ለ3 ሳምንት እረፍት ሀገር ቤት ገብቼ ሁለት ቦታ ሞተር አሰርቻለሁ፣ አንደኛው እስካሁን ያናድደኛል፣ ሁለተኛውን ሳስብ ደግሞ ደስ ይለኛል።

ለታናሽ ወንድሜ የሞተር ንፋስ መከላከያ በሻንጣ ይዤለት ገባሁ። ኦሪጅናል አይደለም፣ ሌላ ካምፓኒ የሚሰራው አክሪሊክ (መስታወት የሚመስል ጠንካራ ፕላስቲክ) ነው ግን ወፍራምና ጥሩ እቃ ነው። ትልቅ ጋራዥ ወሰድነው፣ ልጁ ብሎኖቹን በማሽን ጥርቅም አርጎ አሰራቸው፣ እንዳይላሉም ብሎ የብሎን ማጣበቂያ ፈሳሽ ጨመረበት። እኔም ጎበዝ ብዬ አመስግኜ ከፈልኩ። በ9ኛው ቀን ጠዋት ወንድሜ ና እይ አለኝ፣ ከታች በግራ ካለው የብሎን ቀዳዳ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ተነስታ ወደ ላይ ሄዳለች፣ ቀዳዳው ዙሪያውን ደግሞ የሸረሪት ድር መስሏል።

ስንመለስ "ያመጣኸው እቃ ፎርጅድ ነው" አሉኝ። ከዛ ነገ ኑ፣ ኃላፊው የለም፣ ከሰዓት ሞክሩ፣ እንዲህ እያሉ 4 ቀን አመላለሱን፣ ከእናቴ ጋር ቁጭ ብዬ ላወራበት የናፈቅኩትን ቀን እነሱ በር ላይ ቆሜ ጨረስኩት። በመጨረሻ ሱፐር ግሉ ቀቡበትና እንደገና አስከፈሉን፣ ሙጫው የነካው ቦታ ሁሉ እንደ ጉም ነጭ ሆኖ ቀረ፣ ማታ ከፊት መብራት ሲመጣ ጭራሽ አያሳይም። እኔ ያለሁበት ሀገር ባለሙያ እቃ ሲበላሽበት መጀመሪያ ለምን ብሎ ያያል፣ እነዚህ ግን አንዳቸውም ጎንበስ ብለው ቀዳዳዋን አላዩም፣ እኔን ያቃጠለኝ እሱ ነው።

ጎረቤት አንድ አዛውንት መካኒክ ጋ ላከን። ብሎኗን ፈተው ቀዳዳዋን በጣታቸው ዳሰሱና "ልጄ፣ ጎማዎቹ የታሉ?" አሉኝ። ሻንጣዬን ስፈትሽ ከእቃው ጋር የመጡት፣ ብሎን ቀዳዳው ውስጥ የሚገቡት ትንንሽ ጎማዎችና የፕላስቲክ ሮንዴላዎች በፌስታላቸው እንደታሸጉ ተገኙ፣ ያኔ ለጋራዡ የሰጠሁት ካርቶኑን ብቻ ነው ለካ። አክሪሊክ ሲሞቅ ከብረት 6 እጥፍ ገደማ ይለጠጣል፣ ግማሽ ሜትሩ በ30 ዲግሪ ልዩነት 1 ሚሊሜትር ያህል ይሄዳል፣ ብሎኑ ጨምድዶ ከያዘው መሄጃ ስለሚያጣ ከቀዳዳው ይሰነጠቃል። የብሎን ማጣበቂያው ፈሳሽ ደግሞ ለብረት ነው የተሰራው፣ እንዲህ ያለውን ፕላስቲክ ይበላዋል፣ ቤንዚንም፣ አሞንያ ያለበት የመስታወት ማጽጃም እንደዛው፣ ስለዚህ በለብታ ውሃና በሳሙና ብቻ እጠቡት።

ከኋላ እንጨት ደግፈው የስንጥቋ ጫፍ ላይ ቀስ ብለው 3 ሚሊሜትር ቀዳዳ በሱ፣ እዛ ጋ እንድትቆም ነው። የብሎኖቹን ቀዳዳ ትንሽ አሰፉ፣ ጎማውን አስገቡ፣ በእጅ ካቻቢቴ ጎማው ጨመቅ እስኪል ብቻ አሰሩ። ስንጥቋ አይን ፊት ብትሆን ወይ ጠርዝ ብትደርስ ኖሮ አልነካውም፣ ቀይሩት ነበር የምላችሁ አሉን። የሰሩበትን ብቻ ነው የተቀበሉን።

ወንድሜ ትናንት ፎቶ ልኮልኝ ነበር፣ ስንጥቋ ቀዳዳዋን አላለፈችም። የሙጫው ጉም ግን አሁንም አለ፣ ስለዚህ በሚቀጥለው አዲስ ይዤለት እገባለሁ፣ የሚገጥሙትም እኚሁ አባት ናቸው።