ከስክስ፣ ታክቲካል ወይስ ሳልቫጅ? ለወሎ ዳገት ቀላል ጫማ ስንመርጥ

"ያቺን ጫማ ስንት ገዛሃት?" "ከደሴ አንድ ፈልገህ ላክልኝ።" "ቴሌግራም ላይ ታክቲካል ቡት አይቻለሁ፣ ልግዛው ወይ?" ከክረምቱ ጀምሮ ጥያቄው አልቆመም። ለእያንዳንዱ ሰው በስልክ ስመልስ ግማሹን እረሳለሁ። ስለዚህ አንድ ጊዜ ልጻፈው።

ሥራዬ ውሃ ነው። ምንጭ እናጎለብታለን፣ የቧንቧ መስመር እናያለን። ቢሮዬ ደሴ ቢሆንም የሳምንቱ ግማሽ የሚያልፈው በእግር ነው። ለጋምቦ፣ ኩታበር፣ አምባሰል፣ ደላንታ። መኪናው የሚደርስበት ድረስ ይወስደናል፣ ከዚያ ወዲያ ዳገቱም ቁልቁለቱም የእኛ ነው። ጫማ ሲከዳኝ ሥራዬም አብሮ ይቆማል።

መልሴን ከፊት ላስቀምጠው። ሳልቫጅ ግዙ፣ ማለትም ከውጭ የመጣ ያገለገለ ጫማ። ኦሪጅናል የሆነ፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን፣ ቀላል የተራራ ጫማ። ገዝታችሁ ወደ ቤት ሳትሄዱ ጫማ ሰፊ ጋ ውሰዱና ሶሉን ዙሪያውን አሰፉት። አዲስ ነው ተብሎ የሚሸጠውን ርካሽ ታክቲካል፣ የወታደር ቡት አስመስሎ የተሠራውን ቅጂ፣ ግን እለፉት። እኔ አላለፍኩትም ነበርና እሱን ልንገራችሁ።

ሰኔ 2016 ዓ.ም. ነው። አሮጌው ከስክሴ፣ ያ ከባዱ የቆዳ ቡት፣ አልቆ ነበር። አንድ ሱቅ ገባሁ። የበረሃ አሸዋ የሚመስል ቀለም፣ ጎኑ ላይ ዚፕ፣ ምላሱ ላይ የታወቀ የውጭ ስም። ስድስት ሺህ አለኝ። ተከራክረን 4,200 ብር ላይ ተስማማን። በጣም ደስ ብሎኝ ነበር የወጣሁት። በሦስተኛው ሳምንት ዚፑ ጥርሱ ተንሸዋረረ። ልብስ ሰፊ ጋ ወስጄ በ80 ብር አስተካከልኩት። በአምስተኛው ሳምንት አቧራና ጭቃ ገብቶበት ጭራሽ አልዘጋ አለ፤ በክሩ ብቻ አስሬ ቀጠልኩ። በሰባተኛው ሳምንት ከወገል ጤና ወደ በሽሎ ቁልቁል ስንወርድ፣ ጠዋት ዘንቦ ነበር፣ የቀኝ እግሬ ሶል ከአፍንጫው ተገንጥሎ እንደ ምላስ ተንጠለጠለ። አንድ አርሶ አደር ከእርሻው ወጥተው አዩኝ። "አብሽር ልጄ" አሉና ከትከሻቸው ላይ የቃጫ ገመድ ፈትተው ጫማውን ከላይ እስከ ታች ጠፍረው አሰሩልኝ። በዚያ ገመድ ሦስት ሰዓት ዳገት ወጥቻለሁ። ገመዱ እስከ ማታ አልላላም።

ቤት ስደርስ ጫማውን በቢላ ከፈትኩት። የውስጥ ሶሉ ሥር ያለው ካርቶን ነበር። እውነተኛ ካርቶን፣ የብስኩት ዕቃ ዓይነት። ውሃ ሲነካው አብጦ ማስቲሹን ገፍቶታል። ስፌት የሚመስለው የሶሉ ዳር ደግሞ ፕላስቲክ ላይ የተቀረጸ መስመር እንጂ ክር አልነበረም። 4,200 ብር ለሰባት ሳምንት ማለት በሳምንት 600 ብር ነው። የእግር ኪራይ በሉት።

በዚያው ሐምሌ የምንዛሪ ለውጡ መጣ፤ ከዚያ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ጫማ ዋጋ እየወጣ ነው። ያው ቅጂ፣ ያው ካርቶን፣ አሁን 7,500 ሲጠሩበት ሰምቻለሁ። ለዚህ ነው የማልታገሰው። ገንዘቡ የአንድ ሰው የወር ደመወዝ ወደ መሆን እየተጠጋ ነው።

ከስክስን ደግሞ መናቅ ነውር ነው። ያ ያለቀው ከስክሴ 1,900 ብር ተገዝቶ አራት ዓመት አገልግሎኛል። በወር ሲሰላ 40 ብር አይሞላም። ቆዳው ወፍራም፣ ሶሉ የተሰፋ፣ እሾህ የማያልፈው። በዋጋ ብቻ የሚሄድ ሰው ከስክስ ይግዛ፣ አልከራከርም። አሁን ደህናው 4,500 አካባቢ ይጠራል፤ እሱም ቢሆን ዋጋውን ይመልሳል።

ችግሩ ክብደቱ ነው። ሦስቱን ጫማዎች፣ የተገነጠለውንም ጨምሬ፣ በፌስታል ጠቅልዬ ሰፈራችን ያለ በርበሬ ነጋዴ ሚዛን ላይ አስቀመጥኳቸው። ሁሉም ቁጥር 42 ናቸው። ከስክሱ ጥንዱ 1.9 ኪሎ። የታክቲካሉ ቅጂ 1.3። ሳልቫጁ 1.05። በከስክሱና በሳልቫጁ መካከል በአንድ እግር ልዩነቱ 425 ግራም ያህል ነው፣ ትንሽ ይመስላል። ግን የመስክ ቀን ስልኬ 20,000 እርምጃ ይቆጥራል። አባዙት፤ በቀን 85 ኩንታል ትርፍ ታነሳላችሁ። እግር ላይ ያለ ክብደት ጀርባ ላይ ካለው በብዙ እጥፍ እንደሚያደክም በሠራዊት ጥናት ተፈትኗል። እኔ በጉልበቴ ነው ያወቅኩት። በከስክስ ዘመን ከአምባሰል ስመለስ ደረጃ ስወርድ ግድግዳ እይዝ ነበር። አሁን አልይዝም።

እንግዲህ ሳልቫጁ። ነሐሴ 2016 ላይ ደሴ ሳልቫጅ ተራ አገኘሁት። አምስት ሺህ ጠሩ፣ 3,400 ብር ወሰድኩት። ማሰፊያ 150፣ አዲስ የውስጥ ሶል 150። በድምሩ 3,700። ዛሬ ጥቅምት 2018 ነው፣ አሥራ አራት ወር ሞላው። በወር 264 ብር ደርሷል፣ ገና እየወረደ ነው። ላዩ ግማሽ ቆዳ ግማሽ ጨርቅ ነው። ዚፕ የለውም። ዚፕ ያለው ጫማ ሁለተኛ አልገዛም።

ሳልቫጅ ላይ ግን አንድ ትልቅ ወጥመድ አለ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። በላዩና በታችኛው ጎማ መካከል ያለው ስፖንጅ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ፖሊዩረቴን ይባላል። ሲረገጥ ደስ ይላል፣ ግን ከአየሩ እርጥበት ጋር ቀስ በቀስ ይፈርሳል። እግር ላይ ባይደረግም ይፈርሳል። መጋዘን ውስጥ ዓመታት ተቀምጦ ውጭው አዲስ የሚመስል ጫማ፣ ባደረጋችሁት በሁለተኛው ቀን ስፖንጁ እንደ ደረቀ ዳቦ ይረግፋል። ሁለተኛው ኢቪኤ ነው። እሱ በጊዜ ብዛት ይተኛል፣ ይጠብቃል፣ ግን እንዲህ አይረግፍም። ስለዚህ ስፖንጁን ከጎን በአውራ ጣት ጥፍር ጫን በሉት። ተመልሶ ከተነሳ ጥሩ ነው። ጥፍራችሁ ምልክት ትቶ ከቀረ፣ ወይም ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ካያችሁ፣ በነፃ ቢሰጧችሁም አትውሰዱት። ብዙዎቹ ኦሪጅናሎች ምላሳቸው ውስጥ ባለች ትንሽ ጨርቅ ላይ የተሠሩበት ወርና ዓመት አለ። እሱን አንብቡ። የቀኙና የግራው ጨርቅ ላይ ያለው የሞዴል ቁጥርም አንድ መሆን አለበት፤ ከሁለት የተለያየ ጥንድ የተገጣጠመ ጫማ አጋጥሞኛል።

ቅጂን ከኦሪጅናል ለመለየት እኔ መጀመሪያ የማደርገው የውስጥ ሶሉን አውጥቶ ሥሩን ማየት ነው። ሻጩ እንዳይወጣ ከተከራከረ መልሱን አገኛችሁ። ካርቶን ከሆነ ደህና ዋሉ ብላችሁ ውጡ። ቀጥሎ አሸትታለሁ። ማስቲሹ ከሱቁ በር ከተቀበላችሁ ጫማው በማስቲሽ ብቻ የቆመ ነው። ከዚያ አፍንጫውንና ተረከዙን ይዤ አጥፈዋለሁ። መታጠፍ ያለበት ጣቶች በሚታጠፉበት ቦታ ነው። መሀሉ ላይ እንደ ደብተር ከታጠፈ ቁልቁለት ላይ እግር ይገድላል። እንደ ታጠበ ልብስ ስጨምቀውም ትንሽ እንቢ ማለት አለበት።

ቢጫ ስምንት ማዕዘን ምልክት ያለበትን ሶል ሁሉ ቪብራም የሚባለው ታዋቂው የጣሊያን ሶል ነው ብላችሁ አትመኑ። ስሙ የመጣው ከቪታሌ ብራማኒ ነው። ጣሊያናዊ ተራራ ወጪ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1935 በአልፕስ ተራራ ጓደኞቹ ከሞቱ በኋላ፣ የጫማቸው ነገር አሳስቦት፣ በ1937 ጥርስ ያለው የጎማ ሶል አወጣ። ቅጂዎቹ ላይ ምልክቱ ቀለም ነው፤ በጥፍር ሲፋቅ ይለቃል። ፊደሉንም የሚያዛቡ አሉ።

የሶሉ ጥርስ ለእኛ አገር ከስሙ ይበልጣል። ዋልካ መሬት የረገጠ ያውቀዋል። ጥርሱ ጥቅጥቅ ያለ ጫማ በአሥር እርምጃ ጭቃውን ሰብስቦ ጠፍጣፋ ይሆናል፣ እያንዳንዱ እግር ላይ አንድ ኪሎ ይጨመራል፣ ከዚያ መንሸራተት ነው። አሜሪካኖች ቬትናም ጫካ ውስጥ ይኸው ጭቃ አስቸግሯቸው ፓናማ የሚባለውን ሶል ወደ ጫካ ቡታቸው አስገቡ። ጥርሶቹ ሰፋ ሰፋ ብለው የተራራቁ፣ ወደ ጎን ያዘነበሉ ናቸው፤ እግር ሲተጣጠፍ ጭቃውን ራሳቸው ይተፉታል። ስም አትፈልጉ፣ አሠራሩን ፈልጉ። በጥርሶቹ መካከል ትንሿ ጣታችሁ የምትገባ ከሆነ ለዋልካ ይሆናል። ለላስታ ድንጋያማ መንገድ ግን ሰፊ ጥርስ ያን ያህል አያስፈልግም፤ እዚያ ለስለስ ብሎ ድንጋይ የሚጨብጥ ጎማ ይሻላል።

ጎሬ-ቴክስ፣ ውሃ የማያሳልፍ ገበር ያለውን ጫማ፣ ለሚጠይቁኝ፦ አልመክርም። እኛ ወንዝ እንሻገራለን። ውሃው የሚገባው ከላይ፣ በአፉ ነው። ከገባ በኋላ ያ ውሃ የማያሳልፍ ገበር መውጫ ይከለክለዋል። ከጓደኞቼ የአንዱ ሁለት ቀን ሙሉ አልደረቀለትም፣ በሦስተኛው ቀን ጣቶቹ መካከል ተላጠ። የእኔው ጨርቅ ያለበት ጫማ ማታ ጋዜጣ ተወትፎበት ምድጃ አጠገብ፣ ከእሳቱ ራቅ ብሎ ካደረ፣ ጠዋት ይደረጋል። እሳት አታስጠጉት፤ ማስቲሹ ይቀልጣል። አቀስታ አካባቢ የሚሠራ፣ የኅዳር ውርጭ የሚያገኘው ሰው ብቻ በዚህ አይስማማ፤ ለእሱ ያ ገበር ሙቀት ነው።

ልክ ለመለካት ደሴ የታደለች ናት፣ ሱቁ ፊት ለፊት ቁልቁለት አይጠፋም። መታወቂያዬን አስይዤ፣ ወፍራም ካልሲ አድርጌ፣ ጫማውን አስሬ ቁልቁል ወርጄ እመለሳለሁ። ከሰዓት በኋላ ነው የምሄደው፤ እግር ውሎ ያብጣል። ስወርድ አውራ ጣቴ ጫፉን ከነካ በግማሽ ቁጥር አልደራደርም፣ ሙሉ ቁጥር እጨምራለሁ። እንቢ ያለኝ ሻጭ አንድም የለም። እንቢ የሚል ካለ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

ቀለሙን በተመለከተ አጭር ነገር። ዥንጉርጉሩንና የወታደር ልብስ የሚመስለውን ተዉት። ኬላ ላይ ሰው የሚታየው ከእግሩ ጀምሮ ነው። ግራጫ ወይም ቡናማ ይበቃል።

አሁን ወደ ስፌቱ። የእኔን የሰፉልኝ ጋሼ በወስፌ ብቻ ነው የሚሠሩት። መጀመሪያ በሹል ቢላ የሶሉን ዳር ዙሪያውን ስስ ቦይ ቀደዱለት። ክሩ ቦዩ ውስጥ ተኝቶ ድንጋይ እንዳይፈትገው ነው። ከዚያ የናይለን ክሩን በሰም እያሹ፣ ከውስጥ አንድ ከውጭ አንድ፣ እያጠላለፉ ሰፉት። ሲጨርሱ ክሩን በመዶሻ መታ መታ አደረጉት። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። ያኔ 150 ብር ከፈልኩ፣ አሁን 300 ይጠይቃሉ፤ ይገባቸዋል። ቦይ ሳይቀድ ላይ ላዩን የሚሰፋ ሰው በ150 ብር አለ። ክሩ በወሩ ተበልቶ ያልቃል። ስፖንጁ ከፍ ያለ ጫማ ከሆነ ግን መርፌው ስፖንጩን ብቻ ይዞ እንዳይቀር ከላዩ ጋር መያያዙን ቆማችሁ እዩ። እኔ ቆሜ አይቻለሁ፣ በአሥራ አራት ወር የላላው ከግራ እግር አፍንጫ አራት ጥልፍ ብቻ ነው።

ተረከዙ ማለቅ ጀምሯል። ጫማ ሰፊው የመኪና ጎማ ልለጥፍበት ብለውኛል። ክብደት ስለሚጨምር እስከ መጋቢት እታገሳለሁ።

ቁጥር 42 ፈልግልኝ ላልከኝ ጓደኛዬ፦ ትናንት አንድ ግራጫ አይቻለሁ። ስፖንጩ ደህና ነው፣ ጨርቁ ላይ ያለው ቀን እ.ኤ.አ. 2022 ይላል፣ የግራው ክር ማሰሪያ አንድ ቀለበት ወልቋል። ሰውየው 5,800 ብሏል። ቀለበቱን አሳይቼው 5,000 አድርሼዋለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት እመለሳለሁ፣ 4,600 ካለ እይዝልሃለሁ። የማሰፊያውን 300 ለብቻ ላክ።