«ወደ ኤችቲቲፒኤስ አዛውረን ደረጃችሁን ከፍ እናደርጋለን» ለሚሉ ሻጮች ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

እነዚህን ሻጮች ታውቋቸዋላችሁ። ሳትጠሯቸው ኢሜይል ይልካሉ፤ የድረ ገጻችሁን የፊት ገጽ ፎቶ አንስተው በአድራሻው ሳጥን ውስጥ ያለውን «ደህንነቱ የተጠበቀ አይደለም» የሚል ጽሑፍ በቀይ ይከብቡታል፤ ቀጥለውም ጎግል እንዲህ ያለውን ድረ ገጽ ወደ ኋላ እየጣለው መሆኑን፣ እነሱ ግን አድራሻውን ወደ ኤችቲቲፒኤስ፣ ማለትም በአንባቢውና በድረ ገጹ መካከል የሚያልፈውን መረጃ ወደሚመሰጥረው የአድራሻ ዓይነት፣ አዛውረው ከመጀመሪያዎቹ ውጤቶች መካከል እንደሚያስቀምጡት በዋስትና ይናገራሉ። የልብስ ስፌት መኪና ጥገና መመሪያዎችን የማወጣበት ድረ ገጼ በፍለጋ ያገኛቸው የነበሩትን አብዛኞቹን አንባቢዎች ያጣው ከእንደዚህ ዓይነቱ ድርጅት ጋር ከተዋዋልኩ በኋላ ነው። ንዴቴ ገና አልበረደም፤ ቃላቴ ቢከሩ ይቅርታ አልጠይቅም።

የሸጡልኝ ተስፋ ከግማሽ እውነት የተሠራ ነበር። ጎግል ኤችቲቲፒኤስን ከደረጃ መለኪያዎቹ አንዱ ማድረጉን ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በኦገስት 2014 ነው፤ ነገር ግን በዚያው መግለጫ መለኪያው ቀላል ክብደት እንዳለውና በወቅቱ የሚነካውም ከዓለም አቀፍ ፍለጋዎች ውስጥ ከ1 በመቶ በታች የሆነውን ብቻ እንደነበረ ጽፏል። ሻጩ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ጠቅሶ ሁለተኛውን ዋጠው። በቀይ የከበቡት ማስጠንቀቂያም ቢሆን ክሮም ከእትም 68፣ ማለትም ከጁላይ 2018 ጀምሮ ባልተመሰጠሩት የኤችቲቲፒ ገጾች ሁሉ ላይ የሚያሳየው የአሳሹ ምልክት እንጂ ጎግል በደረጃችሁ ላይ የጣለው ቅጣት አይደለም። በደረሰኙ ላይ ለብቻው የተጻፈው «ደረጃ የሚያሳድግ ፕሪሚየም ሰርተፍኬት» (ሰርተፍኬት ድረ ገጽ በኤችቲቲፒኤስ እንዲከፈት የሚያስፈልገው ዲጂታል ማረጋገጫ ነው) ደግሞ ሌትስ ኢንክሪፕት ከሚባል ድርጅት የተወሰደ፣ ማንም ሰው በነጻ የሚያገኘው ሰርተፍኬት ሆኖ ተገኘ። በነጻ መሆኑ ጉድለት አይደለም፤ ለደረጃ ሲባል በውድና በነጻ ሰርተፍኬት መካከል ልዩነት የለምና። ጉድለቱ ያስከፈሉኝ ሰዎች ነው።

አድራሻን ማዛወር አይጠቅምም እያልኩ አይደለም፤ የአንባቢን መረጃ ከአላፊ አግዳሚው ዓይን ይጠብቃል፣ መደረግም አለበት። ነገር ግን ለጎግል የኤችቲቲፒ አድራሻና የኤችቲቲፒኤስ አድራሻ ሁለት የተለያዩ አድራሻዎች ናቸው። አንድ ገጽ በዓመታት ያፈራውን ስም፣ ሌሎች ድረ ገጾች የሰጡትን ሊንክ ጭምር፣ ይዞ ወደ አዲሱ አድራሻ የሚሻገረው እያንዳንዱ አሮጌ ገጽ ወደ ራሱ አቻ ገጽ፣ በቋሚ ሪዳይሬክት (አሮጌውን አድራሻ የከፈተን ሰው በራሱ ወደ አዲሱ በሚወስድ ትእዛዝ)፣ ማለትም 301 በሚባለው ሲመራ ነው። የሥራው ልብ ይህ ነው፤ የከፈልኩትም ለዚህ ነበር።

ክህደቱን ያየሁት በቪዲዮ ስብሰባ ላይ ነው። አንባቢ እየቀነሰ ነው ብዬ ቅሬታ ባቀረብኩ ቁጥር «ከዝውውር በኋላ መዋዠቅ የተለመደ ነው» የሚል መልስ ይሰጡኝ ነበር። ይህም በራሱ እውነት ስለሆነ ለመሸሸጊያ ተመቻቸው፤ ጎግል ገጾቹን እንደገና እስኪቃኝ ድረስ ለጥቂት ሳምንታት ከፍ ዝቅ ማለት ያለ ነገር ነው። በስብሰባው ላይ ባለሙያው ስክሪኑን አጋርቶ ድረ ገጽ ከጎግል ፍለጋ ስንት ጎብኚ እንዳገኘ የሚያሳየውን የጎግል መሣሪያ፣ ሰርች ኮንሶልን፣ ከፈተና ከዜሮ ተነስቶ ሽቅብ የሚወጣ ሰማያዊ መስመር አሳየኝ። «ይኸው እድገትዎ!» አለ፣ የመዳፊቱን ቀስት ከመስመሩ ጋር ወደ ላይ እየጎተተ። ከመስመሩ በላይ የተጻፈውን አድራሻ ሳነብ የተመዘገበው አዲሱ የኤችቲቲፒኤስ አድራሻ ብቻ እንደሆነ አስተዋልኩ። ትናንት የተመዘገበ አድራሻ ከዜሮ ተነስቶ ከመውጣት በቀር ምን ምርጫ አለው? የአሮጌውን አድራሻ መስመር እንዲከፍትልኝ ጠየቅሁት። «እሱ አሁን አያስፈልገንም» አለ። ደግሜ ስጠይቀው ከፈተው፤ መስመሩ ከዝውውሩ ቀን ጀምሮ ቁልቁል ወርዶ መሬት ነክቷል፤ አዲሱ ያገኘው ደግሞ አሮጌው ካጣው ጋር የሚቀራረብ እንኳ አልነበረም።

ከዚያ «ክር ሲበጣጠስ» የሚለውን ገጽ በአሮጌ አድራሻው እንዲከፍተው ነገርኩት። ይህ ገጽ ከሁሉም በላይ አንባቢ የሚያመጣልኝ፣ የስፌት አሠልጣኞችም በየድረ ገጾቻቸው ሊንኩን ያስቀመጡት ነው። አድራሻውን ጻፈ፣ ተጫነ፤ የተከፈተው የፊት ገጼ ነበር። «መርፌ ሲሰበር» የሚለውን ሞከረ፤ አሁንም የፊት ገጹ። ሁሉንም አሮጌ ገጾች በአንድ መስመር ትእዛዝ ወደ ፊት ገጹ ወርውረዋቸዋል! ጎግል እንዲህ ያለውን ከገጹ ጉዳይ ጋር የማይገናኝ ሪዳይሬክት ገጹ እንደጠፋ አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል፤ የገጹ ስምም አብሮ ይቀራል። ይህን ስነግረው ባለሙያው ፈገግ ብሎ «ጎብኚው ለማንኛውም ቤትዎ ገብቷል አይደል? ምን ጎደለብዎት?» አለኝ። ክር እየበጠሰ ያስቸገረውን ሰው የፊት ገጽ ላይ አቁሞ «ገብተሃል» ማለት በእነሱ ዘንድ አገልግሎት ነው።

ከዚህ የባሰው ግን ወዲያው መጣ። ባለሙያው «አለቃዬን ልጠይቅ» ብሎ ካሜራውን አጠፋ፤ ማይክሮፎኑን ግን ረሳው። የአለቃው ድምፅ ጥርት ብሎ ተሰማኝ፦ «ሰውየው ጎግል ሲያደርግ አድሮ ነው የመጣው፤ የማስመለሻውን ፓኬጅ ላክለትና ገላግለን።» ሁለቱም ሳቁ። ጥቂት ቆይቶ ባለሙያው ተመልሶ በታላቅ ትሕትና «የደረጃ ማስመለሻ ፓኬጅ ልናዘጋጅልዎት ወስነናል» ሲለኝ ምንም ሳልመልስ አዳመጥኩት። ሰነዱ ስብሰባው ሳያልቅ ኢሜይሌ ውስጥ ገባ፤ ዋጋው ከዝውውሩ ዋጋ ይበልጣል፤ ከተዘረዘሩት ሥራዎች የመጀመሪያው ደግሞ «አሮጌ ገጾችን ወደ አቻዎቻቸው መምራት» የሚል ነው። ማለትም አንድ ጊዜ የከፈልኩበትን ሥራ ራሳቸው አበላሽተው ለሁለተኛ ጊዜ ሊሸጡልኝ አቀረቡ። ሰነዱ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ፣ የደንበኛው ስም ብቻ የሚሞላበት እንደነበረም ግልጽ ነው፤ በሦስተኛው ገጽ ላይ የሌላ ደንበኛ የድረ ገጽ አድራሻ ሳይጠፋ ቀርቷልና።

ውሉን አቋርጬ ሌላ ሰው ሥራውን ሲመረምርልኝ ሪዳይሬክቱ ጊዜያዊ የሚባለው 302 እንደሆነ፣ ዋናው አድራሻ የትኛው መሆኑን ለጎግል የሚናገረው የካኖኒካል መስመርም በየገጹ አሁንም አሮጌውን አድራሻ እንደሚጠራ፣ የገጾቹን ዝርዝር ለጎግል የሚያቀርበው ሳይትማፕም እንዳልተቀየረ አገኘ። አንዱ መስመር ወደ አዲሱ ይልካል፣ ሌላው ወደ አሮጌው ይመልሳል። አሁን እየተስተካከለ ነው፤ አንዳንድ ገጾች መመለስ ጀምረዋል፤ «ክር ሲበጣጠስ» ግን እስከዛሬ ወደ ቀድሞ ቦታው አልተመለሰም።

አድራሻችሁን የምታስዛውሩ ከሆነ ከመክፈላችሁ በፊት የእያንዳንዱ አሮጌ ገጽ አቻ የተጻፈበትን ዝርዝር ጠይቁ፤ ሥራው ሲያልቅም ከውስጥ ገጾች ጥቂቶቹን በአሮጌ አድራሻቸው ራሳችሁ ክፈቷቸው፣ በሰርች ኮንሶልም ሁለቱንም አድራሻዎች ጎን ለጎን ተመልከቱ። ሪዳይሬክቶቹ ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲቆዩ በውሉ ይጻፍ። የአንደኛ ደረጃ ዋስትና የሚሰጣችሁን ሰው ደግሞ አታናግሩት፤ እንዲህ ያለውን ዋስትና ማንም ሊሰጥ እንደማይችል ጎግል ራሱ ይናገራል።