ለተነቃይ ጥርስ ማጽጃ የትኛው ዘይት ይሻላል? ቅርንፉድ፣ ጦስኝ፣ ቲ ትሪ፣ ጉሎ ወይስ ኮኮናት

እናቴ ተነቃይ ጥርሷን በበረኪና መዘፍዘፍ አትወድም፤ ሽታው ያቅለሸልሻታል። «ከዕፅዋት የተሠራ ነገር የለም?» ብላ ስትጠይቀኝ ዘይቶችን እየገዛሁ ማወዳደር ጀመርኩ። ካወጣሁት ገንዘብ ግማሹ ባክኗል። ይህን የምጽፈው የእናንተም እንዳይባክን ነው።

የጥርሱ ሮዝ ክፍል አክሪሊክ የሚባል ፕላስቲክ ነው። ዓይን የማያያቸው ቀዳዳዎች ስላሉት ካንዲዳ የተባለው ፈንገስ እዚያ ተጣብቆ የሚያሟልጭ ሽፋን ይሠራል። ከላይኛው ጥርስ ሥር ላንቃ ሲቀላ ብዙውን ጊዜ የእርሱ እጅ አለበት። ስለዚህ ዘይቱ ፈንገሱን መግደል፣ ፕላስቲኩን አለመጉዳትና ከውሃ ጋር መቀላቀል አለበት። ሻጮች የሚያወሩት ስለ መጀመሪያው ብቻ ነው። እኔን ያከሰረኝ ግን የመጨረሻው ነው። ጥቂት ጠብታ በብርጭቆ ውሃ ላይ ብታንጠባጥቡ ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል፣ ጥርሱ ከታች ይተኛል፤ ሁለቱ ሳይገናኙ ይነጋል።

የቅርንፉድ ዘይት አብዛኛው ክፍሉ ዩጂኖል ነው፤ የጥርስ ሕክምና ክፍል ሽታ የምንለው እርሱን ነው። ካንዲዳን በላቦራቶሪ ይገድላል። ነገር ግን ዩጂኖል ከሬዚን ጋር፣ ማለትም እንደ አክሪሊክ ካሉ ጠንክረው ከሚሠሩ ፕላስቲኮች ጋር፣ የቆየ ጠብ አለው። ሬዚኑ በደንብ እንዳይጠነክር ስለሚያደርግ ሐኪሞች ራሳቸው ሁለቱን ማቀራረብ አይወዱም። ያልተበረዘው ደግሞ ድድ ያቃጥላል። እናቴ አንድ ሌሊት ዘፍዝፋው ካደረች በኋላ ለሁለት ቀን ሽሮው ሁሉ ቅርንፉድ ቅርንፉድ አላት።

ጦስኝ የባሌ፣ የሰሜን ተራሮችና የመንዝ ጓሳ በረከት ነው። በዘይቱ ውስጥ ያሉት ቲሞልና ካርቫክሮል በፈንገስ ላይ ብርቱዎች ናቸው፤ ቲሞል በታወቁ የአፍ መጉመጥመጫዎች ውስጥም ይገባል። በጉልበት ብቻ ቢሆን ምርጫዬ ይህ ነበር። ሆኖም ጦስኝ ሻይ ማለት የጦስኝ ዘይት ማለት አይደለም፤ ቅጠሉ ውሃው ውስጥ የሚለቀው ዘይት ጥቂት ነው። ጥርሱን በሚፈላው ሻይ ውስጥ መንከርማ ቅርጹን ማጣመም ነው።

ቲ ትሪ የአውስትራሊያ ዛፍ ነው፤ ስሙ እንጂ ከሻይ ቅጠል ጋር ዝምድና የለውም። ፈንገስ የሚገድለው ተርፒነን-4-ኦል የተባለው ክፍሉ ነው። መጠኑ ጠርሙሱ ላይ ካልተጻፈ ወይም ከ30 በመቶ በታች ከሆነ እኔ አልገዛም። አየርና ብርሃን ስለሚያበላሹት ጠርሙሱ ጠቆር ያለ ይሁን። ሲዋጥ መርዝ ነው፤ ከልጆች አርቁት፣ ጥርሱንም ደጋግማችሁ አለቅልቁ።

የጉሎ ዘይት ያስገረመኝ ነው። ብራዚል ውስጥ የሪቤይራው ፕሬቶ ተመራማሪዎች ከእርሱ የተዘጋጀ 10 በመቶ ብጥብጥ በሰው ሠራሽ ጥርስ ላይ ፈትነውታል። ተስፋ ቢሰጥም በፈንገስ ላይ በረኪናን አላሸነፈም። ከፋርማሲ የሚገዛው ወፍራም ዘይት ግን ያ ብጥብጥ አይደለም፤ የእነርሱ ከውሃ ጋር እንዲዋሃድ እንደ ሳሙና ተደርጎ የተዘጋጀ ነው። ፍሬውን ቤት ውስጥ ለመጭመቅም አታስቡ፤ ሪሲን የተባለ ከባድ መርዝ አለበት።

የኮኮናት ዘይት አዲስ አበባ ብርድ ላይ ይረጋል፣ ፕላስቲኩንም ቅባት ያለብሰዋል። ለፀጉር ተዉት።

ታዲያ ምን ይገዛ? ጥርሱ ብረት ከሌለው በርካሽነትም በውጤትም በረኪናን የሚያህል የለም። 5 በመቶ የሆነውን አንድ እጅ በዘጠኝ እጅ ውሃ በርዛችሁ ከ10 ደቂቃ ሳታስበልጡ ዘፍዝፉና በደንብ አለቅልቁ። ብረት ካለው በረኪናው ይበላዋል፤ በውሃ የሚሟሟውን የጥርስ ማጽጃ ኪኒን ውሰዱ። ዘይት ካልሆነ የሚል ሰው ደግሞ ያልተቀላቀለውን ንጹሕ ዘይት ትቶ፣ ዘይቱ አስቀድሞ ከማጽጃው ጋር የተዋሃደበትንና ለሰው ሠራሽ ጥርስ ተብሎ የተሠራውን ይፈልግ። ላንቃው ከቀላ ግን ከሁሉም በፊት ሐኪም ይየው።

እናቴ አሁን ጥርሷን ጠዋትና ማታ በለስላሳ ብሩሽና በፈሳሽ ሳሙና ታሻለች፣ ማታ አውልቃ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ታሳድራለች። በኪኒኑም ተስማምታለች። ጦስኙን በሻይ ትጠጣዋለች።